«ስሙ ቢዞርም ቤቱ የእኔው ነው»

ባለፈው ክረምት ቢሮዬ የመጡ የአንዲት እናት ጉዳይ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሰማንያ ተጠግተዋል። ከእናታቸው የወረሱት ቤት ካርታ ወደ መጨረሻ ልጃቸው ስም ከዞረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጁ ለንግዱ ብድር ፈለገ፣ ባንኩ ማስያዣ አለ፣ እናት ስጦታ ፈረሙ። ንግዱ አልቀና ሲል ልጁ ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። ገዢው ክፉ ሰው አይደለም፤ በአክብሮት መጥቶ «እማማ፣ መቼ ይለቁልኛል?» ነው ያላቸው። የስጦታ ውሉን ተቀብዬ አነበብኩት። ማኅተሙ የተሟላ፣ ምስክሮቹ የፈረሙበት፣ እንከን የማይወጣለት ሰነድ ነው። እናትየው በሕይወት እስካሉ በቤቱ ይኖራሉ የሚል አንድ መስመር ግን የለበትም። «ተነጋግረን ነበር እኮ» አሉኝ። ክስ የሚባል ነገር ሳነሣባቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «የወለድኩትን ችሎት አላቆምም» ብለው ሄዱ።

ከስሰውስ ቢሆን? በሰነድ የሰፈረን ቃል በሰው ምስክር ማስተባበል እንደማይቻል፣ በፈቃድ ጉድለት ውል ለማስፈረስም ምክንያቱ ከቀረ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ስለዚህ ወደሚያናድደኝ ነገር ልለፍ።

የሚያናድደኝ ከርእሱ ያሰፈርኩት አባባል ነው። ከአረጋውያን እሰማዋለሁ፤ ከዕድር ዳኞች እሰማዋለሁ፤ ዲግሪ ከያዙ ልጆችም እሰማዋለሁ። ስም ማዞር ለቢሮ ሲባል የሚደረግ ወረቀት ነው፣ ቤቱ ያው የእናት ነው ይባላል። አይደለም! ስጦታው ተፈርሞ ካርታው በዞረ ማግስት እናትየው የሚኖሩት በልጃቸው መልካም ፈቃድ ነው። ልጁ ቢሸጥ፣ ቢያስይዝ፣ ባለገንዘብ ቢያስከብርበት በሕግ የሚጠይቁት ነገር የለም።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቤትን ወይም መሬትን ለጧሪ ልጅ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ጧሪው ቃሉን ቢያጥፍ ግን ጎረቤቱ ይታዘበው ነበር፤ የንስሐ አባት ይቆጡት፣ ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር። ዛሬ ልማዱን ይዘን ዳኞቹን ትተናል። ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጣ ገዢ ምርቃቱን አልሰማም፤ የሚያየው ካርታውን ነው፣ ካርታው ላይ ደግሞ የልጁ ስም አለ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ኑዛዜ ሲባሉ መደንገጣቸው ነው የሚገርመኝ። ኑዛዜ ሞትን የሚጠራ ይመስላቸዋል። «ገና ሳልሞት?» ይሉኛል፣ በሕይወት እያሉ ቤታቸውን አስረክበው! ኑዛዜ ግን ተናዛዡ እስትንፋሱ እስካለች ድረስ የሚሻር ሰነድ ነው። ልጁ ከከፋ ነገ ሄዶ መሻር ይቻላል። በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታንም በዚሁ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ይደረግ ስላለ ድካሙ ከስጦታው አይበልጥም። በአንድ ዓይነት ሥርዓት የሚፈረሙ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱን መመለስ ይቻላል፣ ሌላውን አይቻልም። ሰዉ የማይመለሰውን ይመርጣል።

ውክልናን በተመለከተም ፍርሃቱ የተገለበጠ ነው። «ሙሉ ውክልና» የሚባለውን ነገር እንደ እሳት የሚፈሩ አባቶች አሉ። በጠቅላላው የተሰጠ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት በልዩ ሁኔታ መጻፍ አለበት። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ አልሽርም ብሎ ቢፈርም እንኳ ያ ቃል ዋጋ የለውም (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226)። ከላይ ያነሣሁት ልጅ የፈለገው የባንክ ማስያዣ ከነበረ፣ እናቱ ቤቱን በስማቸው እንደያዙ ለእርሱ ብድር ማስያዝ ይችሉ ነበር። አደጋ የለውም አልልም፤ ከ1990 ጀምሮ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ዕዳው ካልተከፈለ በመያዣ የያዙትን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ቢያንስ ግን ባንኩ የሚጽፈው ማስጠንቀቂያ ለእርሳቸው ይደርሳል፤ ከዕዳው የተረፈውም የእርሳቸው ነው።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ውጭ አገር ያሉት የልጁ እህቶች ስልክ ይደውላሉ። «ያኔ አእምሮዋ ደክሞ ነበር ብላችሁ አስፈርሱልን» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሕጋችን ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው ይገምታል፤ ሰማንያ ዓመት መሙላት ችሎታ አያሳጣም። በእርጅና ምክንያት የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያቃተውን ሰው ሕጉ ያውቀዋል፤ ያንን ማስረዳት ግን በፍርድ ላልተከለከለ ሰው ቀላል አይደለም። ማስረዳት ቢቻልስ? እናትየው የዕድሩን መዋጮ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቤታቸውን አስመልሳለሁ ብዬ አእምሮ የላቸውም የሚል ክስ ልጻፍ? በፍርድ ከተከለከሉ በኋላ ደግሞ ገንዘባቸውን የሚያስተዳድረው ሞግዚት ነው፤ ሞግዚትነቱን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አያደክምም።

የቀለብ ክስም ይነሣል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጆች ለተቸገረና ሠርቶ መኖር ለማይችል ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥልባቸዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ቤት አይመልስም፤ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብም፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል። ልጃቸውን ላለመክሰስ ዓመት ሙሉ ዝም የሚሉ እናቶች ባሉበት አገር ሦስት ወር ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

እኛ ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንድናገለግል የሥነ ምግባር ደንባችን ያዘናል። እኔ ከማያቸው ነፃ ሰዓቶች አብዛኞቹ የሚያልቁት ከፊርማ በኋላ ነው፤ የማይረታ መዝገብ ተከፍቶ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲንከባለል። ሰዓቱን ወደ ፊርማው በር እናዙረው ስል ባልደረቦቼ «በእናትና በልጅ መካከል ምን አገባን?» ይሉኛል። ቤት የሚያስተላልፍ ውል እያረቀቁ በመካከል አልገባሁም ማለት እንዴት እንደሆነ አይገባኝም። ራፖር ጸሐፊውስ ገጹን ተከፍሎበት ይሄዳል፤ ጠበቃው ምን ምክንያት አለው?

እኔ የማደርገው ይህን ነው። አብሮ የመጣውን ልጅ «አንተ ትንሽ ውጭ ጠብቀን» እላለሁ፤ እርሱ ተቀምጦ እያለ ከእናቱ የምሰማው መልስ የእርሱ መልስ ነውና። ከዚያ እጠይቃለሁ። ቢሸጠውስ? ቢጣሉስ? ሦስተኛው ጥያቄ ነው የሚያስደነግጣቸው፦ ልጅዎ ከእርስዎ ቢቀድምስ? ይህን ማንም አያስበውም፤ ክፉ ልጅን ብቻ ነው የምንፈራው። ልጆች ያሉት ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው፤ እናቱ ከውርሱ የሚደርሳቸው የለም። በጎው ልጅ በሞተ ማግስት ቤቱ የሕፃናት ልጆቹ ነው፤ አስተዳዳሪዋ ምራት ናት። አያት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ፣ ማንም ሳይበድላቸው።

ስጦታው የግድ ከሆነ እስከ ዕለተ ሞት የአላባ መብት በእናት እጅ እንዲቀር፣ የጡረታው ግዴታ በዝርዝር እንዲጻፍ፣ አላባው በይዞታ ማኅደሩ ላይ እንዲመዘገብ አደርጋለሁ። አንዳንድ ልጆች ረቂቁን ሲያዩ «እናስብበት» ብለው ይወጣሉ። አንዳንድ እናቶች ደግሞ ሦስቱንም ጥያቄ በጸጥታ ሰምተው «ይሁን፣ እንዳለ ይጻፍ» ይላሉ። መብታቸው ነው፤ እጽፍላቸዋለሁ። ልጁ በሌለበት ጠይቄያቸው እንደመለሱልኝ ግን በራሴ ዶሴ ላይ ቀኑን ጠቅሼ አሰፍራለሁ።