የበረራ ርቀትና ጊዜ ስሌት፦ ከቦሌ እስከ ሰመራ

የበረራ ርቀት በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በምድር ገጽ ላይ የሚለካ የአጭሩ መስመር ርዝመት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች መስመሩ ቅስት ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው።

ቀላሉ ስሌት ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ኬክሮስ ላይ ሲውሉ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ምንም እንኳ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ባይኖራትም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ እንደ ቦሌ ሁሉ 9 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ትገኛለች። የቦሌ ኬንትሮስ 38.80፣ የአዋሽ 40.17 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ልዩነቱ 1.37 ዲግሪ። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ 111 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን ወደ ዋልታ እየጠበበ ይሄዳል፤ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ 110 ኪ.ሜ. ነው። ሲባዛ 151 ኪ.ሜ. ይሆናል። በመኪና ግን መንገዱ በአዳማና በመተሐራ ስለሚዞር ከ200 ኪ.ሜ. ይበልጣል።

የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ ደግሞ በ11.79 ዲግሪ ሰሜንና በ40.99 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። በሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ነው። ከቦሌ የኬክሮሱ ልዩነት 2.81 ዲግሪ (311 ኪ.ሜ.)፣ የኬንትሮሱ 2.19 ዲግሪ (240 ኪ.ሜ.) ነው። በፓይታጎረስ ደንብ የሁለቱ ካሬዎች ድምር ሥር 393 ኪ.ሜ. ይሆናል። በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ የሚያልፈው የመኪና መንገድ 580 ኪ.ሜ. ገደማ ነው።

ይህ አቋራጭ የሚሠራው ለአጭር ርቀት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በዚሁ ደንብ ቢሰላ 12,250 ኪ.ሜ. ያህል ይመጣል፤ በክብ ምድር ቀመር ግን ትክክለኛው 11,560 ገደማ ነው። ለሩቅ ጉዞ የትሪጎኖሜትሪ ቀመር ግድ ነው።

የበረራ ጊዜ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪ.ሜ. ያህል ይጓዛል። 393 ለ650 ሲካፈል 36 ደቂቃ ነው። ይህ ግን ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ያለውን ብቻ ያሳያል። በመንደርደሪያው ላይ መንዳት፣ ሽቅብ መውጣት፣ መውረድና ለማረፍ መዞር ሌላ 15 እስከ 25 ደቂቃ ስለሚጨምሩ ጠቅላላው ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በአማካይ በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ለሚሄድ መኪና ያው ጉዞ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከሰመራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ለተጻፈለት ሕመምተኛ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ቀጣዩ በረራ ነገ ከሆነ የሚጠበቀው ሌሊትም ከስሌቱ ይገባል።

የቦሌ ከፍታ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል፣ የሰመራ 430 ገደማ ነው። ከፍታም ሙቀትም አየሩን ያሳሱታል፤ በሳሳ አየር አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ወይም ቀላል ጭነት ይፈልጋል። በሰመራ የቀትር ሙቀት ይህ የታወቀ ጉዳይ ነው።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 ነው። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ልዩነት የጉዞውን ርዝመት የሚሰጠው ሁለቱም ከተሞች በአንድ የሰዓት ክልል ሲሆኑ ነው፤ አዲስ አበባና ሰመራ እንደዚያ ናቸው። በዋሽንግተን ጉዞ ግን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ማስተካከል ያስፈልጋል።