ፍሳሽ ውሃ፦ ያልተነካው ሀብት

በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በፍሳሽ በተበከለ ውሃ ሲለሙ በርካታ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይኸው ውሃ ለአምራቹ እንጀራ ሲሆን፣ ለተመጋቢው ግን የበሽታ ስጋት ነው። ለመሆኑ ጉዳቱን አስወግደን ጥቅሙን ማስቀረት እንችላለን?

በቅድሚያ ጥቅሙን በቁጥር እንመልከት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መመሪያ በቀረበው ስሌት መሠረት፣ በአንድ ሊትር የተጣራ የከተማ ፍሳሽ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ቢኖርና አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 5,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ፣ ማሳው 250 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ያገኛል። የዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ፣ ይህ ከ5 ኩንታል ዩሪያ ይበልጣል። ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ታዳጊ አገር ቁጠባው ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ከተማ እስካለ ድረስ ፍሳሽ በበጋም አይነጥፍም፤ ለመስኖ ይውል የነበረው ንጹሕ ውሃም ለመጠጥ ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ያልተጣራ ፍሳሽ የተቅማጥ ጀርሞችንና የአንጀት ትላትል እንቁላሎችን ይዞ ማሳው ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ከማዳበሪያ የተረፈው ገንዘብ ለሕክምና ይውላል፤ የሥራ ቀናትም ይባክናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሊትር የመስኖ ውሃ ውስጥ ከ1 የበለጠ የትላትል እንቁላል እንዳይኖር የመከረውም ለዚሁ ነው።

ይህን ለማሟላት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሞቃት አገሮች ፍሳሹ በተከታታይ ኩሬዎች ውስጥ ለሳምንታት እንዲቆይ ይደረጋል። እንቁላሎቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላላሉ፤ አልጌዎች ኦክሲጅን ይለግሷቸዋል፤ የፀሐይ ብርሃንም ጀርሞችን ይገድላል። ከፍተኛው ወጪ ለኩሬዎቹ የሚያስፈልገው ሰፊ መሬት ነው።

ፀሐይ የማትገድለው ግን አለ፤ እርሱም እንደ ክሮሚየም ያለው ከፋብሪካ የሚወጣ ከባድ ብረት ነው። በዚህ ረገድ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ታስተምረናለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽን ለመጠጥ እስከሚበቃ ድረስ ታጣራለች። ከስኬቷ መሠረቶች አንዱ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤቱ ለይታ መያዟ ነው።

እንግዲህ ትርፉ የሚገኘው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ ማጣራት፣ በመጨረሻም ማጠጣት። የፊተኞቹን ሁለቱን ዘልለን ሦስተኛውን ብቻ ብንይዝ፣ ከማሳው ያገኘነውን በሐኪም ቤት እንመልሰዋለን።