የደጋ ሰው በአሽቀሎን ሙቀት

እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቃችሁ። «ክረምት» ሲባል የትኛው ወር ነው ትዝ የሚላችሁ? ጎንደር፣ ወገራ፣ ደምቢያ ወይም ስሜን ያደገ ሰው መልሱን ሳያስብ ይሰጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ነዋ! ጉሙ፣ ጭቃው፣ የሞላው ወንዝ፣ ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር መቀመጥ። ሚግዳል የተወለደው የልጅ ልጃችሁ ግን «ሖሬፍ» ሲሉት ታኅሣሥና ጥር ነው የሚታየው። ሐምሌ ለእሱ ባሕር ዳር የሚሮጥበት፣ አስፋልቱ የሚግልበት ወር ነው። እናንተ «ክረምት ላይ ነው የመጣነው» ስትሉት እሱ ሌላ ወር ያስባል። አንድ ቃል፣ ሁለት ሰማይ።

ይህን ነገር የምናነሳው ለወሬ ያህል አይደለም። ብዙዎቻችሁ እዚህ አገር ሠላሳና አርባ ዓመት ኖራችኋል፤ ሙቀቱንም «ለምደነዋል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሰው ይለምዳል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ሰውነት የለመደውን ነገር ቀስ እያለ ይረሳል። ሙቀት ደግሞ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሲወስድ አያስታውቅም።

የተገለበጠው ዓመት

ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አሽቀሎን የዚያን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ቤርሼባ ወደ በረሃው ስለተጠጋች 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምታገኘው። የሚዘንበውም በተቃራኒው ወቅት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት። በአገራችን ዝናቡ የሚመጣው ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ስለሆነ ደመናው ሙቀቱን ይሸፍነዋል። እዚህ ግን ፀሐይዋ ስትበረታ ሰማዩ ባዶ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አንዲት ጠብታ አይወርድም።

በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣችሁ ይህን በአንድ ሌሊት ነው ያያችሁት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሣ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ክረምቱም ሊገባ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ግን ገና በጋው መጀመሩ ነው። በሙሴ ዘመቻ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል የመጣችሁ ደግሞ ሙቀትን ያወቃችሁት ከዚያ በፊት ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ወርዳችሁ፣ በእግር ተጉዛችሁ፣ በሱዳን መጠለያ ሙቀቱም ውሃ ጥሙም በሽታውም ስንቱን ዘመድ እንደወሰደ እናንተ ታውቃላችሁ። ሙቀት እንደሚገድል ለእናንተ ማስተማር አያስፈልግም።

ለምን እዚህ ይከብዳል?

አባቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ሲከፍሉ የከፍታን ነገር አውቀው ነው። በጥቅሉ 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። አሽቀሎን ያለችው ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። በድሮው አከፋፈል ከቆላም በታች ወርደናል ማለት ነው።

«ጎንደርም እኮ መጋቢት ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። ነገር ግን እዚያ ጥላ ሥር የገባ ሰው ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው። ቀን የደከመ ሰውነት ሌሊት ያርፋል። የአሽቀሎን ነሐሴ ግን ሌሊቱም ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ አየሩም ከባሕሩ በሚመጣ እርጥበት የከበደ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲደርቅ ነው። እርጥበት ባለበት አየር ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሰውነት ውሃውን ይከፍላል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም።

ሌላው ደግሞ ሻራብ ነው። በተለይ በጸደይና በመከር ከምሥራቅ፣ ከበረሃው የሚነሣ ደረቅ ነፋስ ነው። ላቡ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው ያላበው አይመስለውም፤ ውሃ ግን እየጠፋ ነው። በዚህ ጊዜ በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። በተራው የበጋ ቀን ደግሞ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከባሕሩ ነው የሚመጣው።

ሳይጠማ መጠጣት

ሰው ሲሸመግል የውሃ ጥም ስሜቱ ይቀንሳል። ወጣቱ ሲጠማው ይጠጣል፤ ሽማግሌው ሳይጠማው ይደርቃል። ዶክተሮቹ «ሂትያብሹት» የሚሉት ይህ ነው። ምልክቱ ሽንት መጥቆር፣ አፍ መድረቅ፣ ራስ ምታት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ መዞር ነው። ስለዚህ ውሃን እንደ መድኃኒት በሰዓት ጠጡት፤ ሲነጋ፣ ከምግብ ጋር፣ ከቡና ጋር፣ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ስትመለሱ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን መጠኑን ሐኪማችሁ ይወስን።

ለደም ግፊት ከሚሰጡት ኪኒኖች አንዳንዶቹ ውሃን በሽንት የሚያስወጡ ናቸው። በበጋ ይህ ሊበዛ ይችላል። በራሳችሁ አታቁሙት! ሙቀቱ ሳይጠና ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ «በቃይጽ የኪኒኑ መጠን ይስተካከል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስኳር ያለባችሁም እንዲሁ። ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል፤ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ ገበያ ለገበያ አትዙሩ።

ጾሙስ?

የአብ ጾም በአገራችን የሚውለው በክረምቱ እምብርት ነበር። ብርድ ነው፣ ሰውም ብዙ አይጠማውም። እዚህ ግን ያው ጾም የዓመቱ ሙቀት በጠናበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ጾሙ አልተለወጠም፤ ሰማዩ ነው የተለወጠው። አስተስርዮም ቢሆን ሙቀቱ ገና ሳይወጣ ሊመጣ ይችላል። ሕመም ያለበት ሰው ከጾሙ ቀደም ብሎ ሐኪሙንም ቄሱንም ይጠይቅ። ነፍስን ማዳን እንደሚቀድም ሃይማኖታችን ራሱ ያስተምራል። ጤነኛውም ከዋዜማው ቀን ጀምሮ በደንብ ይጠጣ፤ ጨውና በርበሬ የበዛበት ወጥ ይቅርበት።

ቤቱና ልብሱ

ጠዋት ሲነጋ መስኮቱን ክፈቱ፤ ፀሐይ ሲከር ትሪሲሙን አውርዱ፤ ሲመሽ እንደገና ክፈቱ። በእስራኤል ሰዓት ከ10 እስከ 16 ድረስ ጉዳይ ካላስገደደ አትውጡ። ወደ ሚግዳል ገበያ የምትሄዱ እናቶች፣ በማለዳ ሂዱ፤ ጋሪውንም አታክብዱት።

ማዝጋን ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። ለልጅ ሲሆን ይከፍታሉ፣ ለራሳቸው ሲሆን ያጠፋሉ። 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል፤ ብዙም አይበላም። ከቢቱዋሕ ለኡሚ ከጡረታ ጋር የገቢ ማሟያ የሚያገኝ አረጋዊ የመብራት ቅናሽ መብት አለው። ማግኘት አለማግኘታችሁን ልጆቻችሁ ከመብራት ሂሳቡ ላይ እንዲያዩላችሁ አድርጉ። በጣም በጠና ሙቀት ማቭሬር ብቻውን አይበቃም፤ ሙቅ አየር ነው የሚነፋባችሁ። ፊትንና ክንድን ማርጠብ ይረዳል፤ ማዝጋን ያለበት ጎረቤት ቤት ወይም የአረጋውያን ማዕከል ሄዶ መዋልም አያሳፍርም።

ልብስን በተመለከተ የእናቶቻችን ልብስ እዚህም ያገለግላል። ሳሳ ያለ የጥጥ ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ፀሐይን ይከለክላል፣ አየር ያስገባል። ከናይሎን ልብስ ይሻላል። ደግሞ ይህች ሚግዳል ከ1948 ጦርነት በፊት መጅደል የምትባል፣ በሸማኔዎቿ የታወቀች የአረብ ከተማ ነበረች። ከእኛም ወገን አባቶቻችን ሸማኔ ነበሩ። ጥጥ ለሙቀት እንደሚስማማ እዚህም እዚያም ሸማኔው ያውቀው ነበር።

ማዕድ ቤት

እዚህ ላይ እናቶች ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። በአገር ቤት ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በአሽቀሎን ነሐሴ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል። እርሾውን መቀነስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማቡካት፣ ኩፍ ሲል ፍሪጅ ማስገባት ይረዳል። ወጥ ምድጃ ላይ አድሮ በማግሥቱ የሚበላበት ዘመን ግን አልፏል። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ቋንጣም በዚህ እርጥበት ከመድረቁ በፊት ሊሻግት ይችላል፤ ደርቆ የመጣውንም በርበሬውንም ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ትልቁ አደጋ ግን ከሰል ነው። ለቡና ብላችሁ ማዝጋን ከፍታችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ! የከሰል ጢስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰውን አስተኝቶ ይገድላል። ቡናውን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ አፍሉ፤ ከሰል የግድ ከሆነ ደጅ ይሁን። የቡናውንም ሰዓት ወደ ማታ አዙሩት፤ የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ ጎረቤትም ይመጣል።

ፀሐይን መሸሽም ልክ አለው

ሙቀቱን ሸሽቶ ዓመቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶ መዋል ሌላ ችግር ያመጣል። አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ስትነካ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በአገር ቤት ቀኑን ሙሉ ደጅ ስለምንውል ችግር አልነበረም፤ እዚህ ግን ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል። ኩፓት ሆሊም የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ኪኒን ከታዘዘላችሁም አትናቁት። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ለአጥንትም ለስኳርም ለመንፈስም ይበጃል። በአገር ቤት ስኳር በሽታን ብዙም አናውቀውም ነበር፤ እዚህ የበዛብን ምግቡ ስለተለወጠ ብቻ ሳይሆን እግራችንም ስለተቀመጠ ነው።

ይሉኝታ ይቅር

ልጅ ይደውላል። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ።» ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል፣ ማዝጋኑ ተበላሽቷል፣ እናት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ልጁን ላለማስቸገር ነው። ወላጆች ሆይ፣ ይህ ይሉኝታ ለልጆቻችሁ ውለታ አይደለም። ዛሬ «ማዝጋኑ ተበላሽቷል» ብትሉት አንድ ማታ ይደክማል፤ ብትደብቁት ሆስፒታል ደጃፍ ያድራል።

ልጆችም ብትሆኑ «ደህና ነሽ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። «ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ? ማዝጋኑ ክፍት ነው? ቤቱ ስንት ዲግሪ ነው?» በሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤት ካሏችሁም በሻራብ ቀን ጠዋትና ማታ በራቸውን አንኳኩ።

አንድ ሰው በሙቀት ቀን ንግግሩ ከተምታታ፣ የት እንዳለ ከጠፋው፣ ቆዳው ከጋለ ወይም ከወደቀ፣ ይህ ድካም አይደለም። ሐኪሞች «መካት ሖም» ይሉታል፤ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው። ወዲያው 101 ደውሉ፤ የማጌን ዳቪድ አዶም ቁጥር ነው። እስኪደርሱ ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉ፣ ገላውን በውሃ አርጥቡ፣ አርግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት።

ስለ ዝናብ

ከኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ ይመጣል። በአገራችን ያኔ ዝናቡ አልፎ ተራራው አረንጓዴ ነበር። እዚህ በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ስንቆም ግን ዝናቡ ገና እየጀመረ ነው፤ የቄሶቻችን ጥላ አንዳንዴ ለክብር ብቻ ሳይሆን ለዝናቡም ያገለግላል።

እስከዚያው የምንጠጣው ውሃ ከወዴት ይመጣል ካላችሁ፣ ብዙው ከባሕር ነው። በ2005 እዚሁ አሽቀሎን ዳርቻ ላይ የባሕርን ውሃ ጨው የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ሰማዩ አምስት ወር ቢዘጋም ቧንቧው አይዘጋም። እንግዲህ ወላጆቻችን፣ ወንዝ ወርዳችሁ በእንስራ የቀዳችሁት ውሃ ዛሬ ደጃችሁ ድረስ መጥቷል፤ ሳትሳሱ ጠጡት። ለልጅ ልጆቻችሁም ሐምሌ ክረምት የነበረበትን አገር ንገሯቸው፤ ሲመሽ፣ በረንዳ ላይ፣ የባሕሩ ነፋስ ሲነፍስ።