ቀንድ አውጣና ጨው

የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። የጨፋ ረግረግ የሚባለው ይህ ሜዳ በበጋ ወራት ከአፋር ቆላ ጭምር ለሚመጡ መንጋዎች መጠጊያ ነው። በአካባቢው ጅረቶች ውስጥ ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች መካከል እንደ ሳንቲም የጠፈጠፈ ዛጎል ያለው አንዱ ዐይነት የአንጀት ቢልሃርዚያን ተውሳክ በሰውነቱ ውስጥ ያሳድጋል። ስለዚህ የዚህን እንስሳ አኗኗር ማወቅ ለሰው ጤና ይጠቅማል።

በቀንድ አውጣው ደም ውስጥ ያለው ጨው በወንዙ ውኃ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ውኃ ደግሞ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት በስስ ቆዳ አልፎ ይሰርጋል፤ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ወደ ቀንድ አውጣው ሰውነት ዘወትር ውኃ ይገባል። መከላከያ ባይኖረው ኖሮ አብጦ በሞተ ነበር። መከላከያዎቹም ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ኩላሊቱ ትርፉን ውኃ በሽንት መልክ ያስወጣል፤ ሁለተኛ፣ ቆዳው ከሽንት ጋር የጠፋውን ጨው ለመተካት ከውኃው ጨው እየለቀመ ወደ ደም ያስገባል።

የውኃው ጨው ቢጨምርስ? ጭማሪው ጥቂት ከሆነ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ውኃ ስለሚያንስ ሽንቱም ያንሳል። የውኃው ጨው ከደሙ ሲበልጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ከሰውነቱ ይወጣል። ያን ጊዜ ቀንድ አውጣው ወደ ዛጎሉ ይሸሸጋል፤ መብላትም ያቆማል። ሕዋሳቱም አሚኖ አሲዶችን በውስጣቸው እያከማቹ ውኃቸውን ይዘው ለመቆየት ይጥራሉ። ለውጡ ቀስ በቀስ ከመጣ በመጠኑ ይለምደዋል፤ ሆኖም ጉልበቱ በዚህ ስለሚያልቅ እድገቱ ይዘገያል፣ እንቁላሉም ይቀንሳል። ለውጡ ብርቱና ድንገተኛ ከሆነ ግን ይሞታል።

የቦርከና ውኃ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ከተባለው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውኃው ሲተን ጨዉ ይከማቻል። ስለዚህ በጨፋ ጅረት በሰላም የሚኖረው ቀንድ አውጣ ያው ውኃ በሚያበቃበት ሐይቅ ውስጥ ሊኖር አይችልም።

«ታዲያ ወንዙ ውስጥ ጨው ጨምረን ለምን አናጠፋውም?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የሚገድል ጨው አዝመራውንና ሣሩንም ያጠፋል። የተሻለውን መንገድ ያሳዩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው አረፋ አውጪ ንጥረ ነገር የሕዋሳትን ስስ ሽፋን ይጎዳል፤ ሽፋኑ የተጎዳበት እንስሳ ደግሞ የውኃና የጨው ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም። ከሁሉም በፊት ግን የተውሳኩ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወደ ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄዎች
1. ቀንድ አውጣ በወንዝ ውኃ ውስጥ አብጦ የማይሞተው ለምንድን ነው?
2. «ነገሩ ይገለበጣል» ሲል ምን ማለቱ ነው?
3. የምንባቡን ፍሬ ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አሳጥራችሁ ጻፉ።