ብረቱ የገበሬው፣ ቁልፉ የኩባንያው

በአሜሪካ የትራክተር ጥገና ለረጅም ዘመን በገበሬው ግቢ የሚጀመርና እዚያው የሚያልቅ ሥራ ነበር። ሞተሪኖ ሲቃጠል፣ ቺንጋ ሲበጠስ ወይም የናፍጣ ፊልትሮ ሲደፈን ባለቤቱ መፍቻውን ይዞ ራሱ ይገባበታል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነም በአቅራቢያው ያለ መካኒክ ይጠራል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን ትልልቆቹ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሆነዋል። ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ሃይድሮሊኩና በሳተላይት የሚመራው መሪ የየራሳቸው መቆጣጠሪያ አላቸው፤ መቆጣጠሪያዎቹም በጋራ የሽቦ መስመር መረጃ ይለዋወጣሉ። በዚህ ለውጥ ብልሽትን ፈልጎ ማግኘት ከመፍቻ ይልቅ ሶፍትዌር የሚጠይቅ ሥራ ሆነ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ በአምራቹና በወኪሎቹ እጅ ነው። በገበሬዎችና በአምራቾች መካከል ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር ምንጩ ይኸው ነው።

በክርክሩ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ጆን ዲር ነው። የኩባንያው መሥራች ጆን ዲር በኢሊኖይ ግዛት ይኖር የነበረ አንጥረኛ ሲሆን፣ የአካባቢውን ገበሬዎች መሣሪያ እየጠገነ ሳለ በ1837 (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር የማይዘውን የአረብ ብረት ማረሻ ሠራ። ኩባንያው ወደ ትራክተር ሥራ የገባው በ1918 በአዮዋ ግዛት ዋተርሉ ከተማ የነበረ የሞተር ፋብሪካ ገዝቶ ነው። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የትልልቅ ትራክተርና የኮምባይነር ገበያ ቀዳሚው ስለሆነ ቅሬታውም ይበዛበታል እንጂ ተፎካካሪዎቹም ከዚህ አሠራር ነፃ አይደሉም። ጠጋኝ የመሠረተው ኩባንያ ጥገና ከለከለ ተብሎ መከሰሱ ግን ትንሽ ፌዝ አያጣም።

ችግሩን ለመረዳት አንድ የተለመደ ብልሽት ከመነሻው እስከ መጨረሻው መከተል ይበቃል። ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ የትልልቅ እርሻ ማሽኖች የናፍጣ ሞተሮች በአየር ብክለት ሕግ ምክንያት ጭሳቸውን የሚያጸዳ መሣሪያ ይገጠምላቸው ጀመር። መሣሪያው ወደ ጭሱ የሚረጨው ፈሳሽ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፤ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ያው ዩሪያ በተጣራ ውሃ ሟሙቶ ማለት ነው። የፈሳሹን መጠንና ጥራት፣ የጭሱንም ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች እዚህም እዚያም ተተክለዋል። በስንዴ አጨዳ መሀል ከእነዚህ አንዱ ተሳስቶ ፈሳሹ ጥራት የለውም የሚል መልእክት ቢልክ፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። በኦፕሬተሩ ፊት ካለው ስክሪን ላይ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይበራል፤ ችግሩ ሳይፈታ ሥራው ከቀጠለ ማሽኑ እየተንፏቀቀ ከማሳው ከመውጣት ያለፈ ነገር አይሠራም።

ስክሪኑ የብልሽቱን ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ የሚጠቁመው ግን ችግሩ የተሰማበትን መስመር እንጂ መለወጥ ያለበትን ዕቃ አይደለም። ሴንሰሩ ራሱ ሞቶ ይሆናል፤ ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦ አይጥ በልቶት ይሆናል፤ ፈሳሹም በእርግጥ ቆሽሾ ይሆናል። ይህን ለመለየት ላፕቶፕን በኦፕሬተሩ ክፍል ካለው ክብ ሶኬት ጋር አገናኝቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል በትእዛዝ እያሠሩ ምላሹን ማየት ያስፈልጋል። ጆን ዲር ለዚህ የሚገለገልበት ፕሮግራም ሰርቪስ አድቫይዘር ይባላል። ሙሉውን ፕሮግራም የሚያገኙት ወኪሎቹ ናቸው። ለገበሬ ይሸጥ የነበረው ሌላው ዓይነት የጥገና መመሪያ ያሳይ፣ ኮድ ያነብ ነበር፤ አዲስ የተገጠመ መቆጣጠሪያን ከማሽኑ ጋር ማስተዋወቅ ግን አይችልም ነበር። ገበሬዎቹን ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸውም ይህ ነው። መቆጣጠሪያው ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ቡሎኖቹ ጠብቀው፣ ሶኬቱ ተሰክቶም ማሽኑ አያውቀውም። በማሽኑ መለያ ቁጥር የተዘጋጀ ፋይል በኢንተርኔት ከኩባንያው ወርዶ እስኪጫንበት ድረስ ዕቃው ተገዝቶም እንዳልተገዛ ነው።

የደንበኛ አገልግሎቱ ሰንሰለትም ረጅም ነው። ገበሬው የሚደውለው ለፋብሪካው ሳይሆን ለወኪሉ ነው። ወኪሉ ተራ ሲደርስ ቴክኒሻን ይልካል፤ የመንገዱም ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ቴክኒሻኑ መፍትሔ ካጣ ጉዳዩን ለፋብሪካው የቴክኒክ ድጋፍ ማዕከል ያስተላልፋል። ሌሎች ወኪሎች ያጋጠሟቸው ብልሽቶችና የተገኘላቸው መላ ተመዝግቦ የሚገኘውም እዚያ ነው፤ መዝገቡ የተከፈተው ግን ለወኪሎች ነው። ገበሬው ችግሩን በዓይኑ ያየ ሰው ሆኖ ሳለ መልሱን ከሚሰጠው ባለሙያ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ የሚናገረው በሌላ ሰው አፍ ነው። በዚህ መሀል ስድቡን የሚጠጣው ሜዳ ላይ የቆመው ቴክኒሻን ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከላይ መልስ የሚጠብቅ ሰው መሆኑ ይረሳል። ወደ ሌላ ወኪል መሄድም ቀላል አይደለም። የወኪልነት ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት በጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ እየገባ ስለሄደ፣ ሩቅ ተነድቶ የሚደረስበት ቅርንጫፍ የዚያው ድርጅት ሆኖ ይገኛል።

የሁለትና የሦስት ቀን መዘግየት ለመኪና ባለቤት መጉላላት ነው፤ ለገበሬ ግን የዓመት ገቢ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የደረሰ ስንዴ በረዶ ሊመታው፣ ዝናብ ሊያስተኛው፣ ዛላው ላይ እንዳለ ሊያበቅል ይችላል። በአሜሪካ ኮምባይነራቸውን በከባድ መኪና ጭነው በግንቦት ከቴክሳስ ተነሥተው የሰብሉን መድረስ እየተከተሉ እስከ ካናዳ ድንበር የሚያጭዱ ኪራይ ሠራተኞች አሉ። ለእነሱ አንድ ቀን ቆመው ዋሉ ማለት ቀጣዩ ደንበኛ ሌላ አጫጅ ፈለገ ማለት ነው። ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ማሽን በአንዲት ሴንሰር ምክንያት ቆሞ፣ የባንክ ዕዳው ግን መቁጠሩን አያቆምም። ፐርግ የተባለው የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት የጥገና ክልከላ በሚያስከትለው መቆም የአሜሪካ ገበሬዎች በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ያጣሉ ብሎ ገምቷል። ግምቱ ጥቂት ገበሬዎችን ጠይቆ በአገር ደረጃ የተባዛ ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ችግሩ ግን ቁጥሩ ቢቀነስም የሚጠፋ አይደለም።

አምራቾቹ ለክልከላው ምክንያት ያቀርባሉ። ሶፍትዌሩ ክፍት ከሆነ የጭስ ማጽጃውን የሚያጠፉ፣ የሞተሩን ጉልበት ከልኩ በላይ የሚያሳድጉ፣ የደኅንነት መቆለፊያዎችን የሚነቅሉ ይበዛሉ ይላሉ። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም፤ በናፍጣ መኪናም በትራክተርም የሚደረግ ነገር ነው፤ ማሽኑ በሁለተኛ እጅ ሲሸጥም የተነካካውን ሞተር ሳያውቅ የሚገዛው ሌላ ገበሬ ነው። ነገር ግን ሕገ ወጥ ለውጥን መከልከልና የተበላሸን ሴንሰር ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ መከልከል አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ በነሐሴ 2023 ለብሔራዊ የገበሬዎች ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ የንጹሕ አየር ሕጉ ገበሬ ማሽኑን በራሱ ወይም በመረጠው መካኒክ እንዳይጠግን የሚከለክል አለመሆኑን አስታውቋል። ብዙም የማይነገረው ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። የሰብል ዋጋ ሲወርድ አዲስ ማሽን የሚገዛው ይቀንሳል፤ መለዋወጫና ጥገና ግን በክፉውም ዘመን ገቢ ያስገኛሉ።

የሕጉ ነገር የሚጀምረው ከትራክተር ጋር ግንኙነት ከሌለው ቦታ ነው። በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ በፊልምና በሙዚቃ ላይ የተደረገን ዲጂታል ቁልፍ መስበር ይከለክላል። ትራክተር ውስጥ ያለው ሶፍትዌርም የቅጂ መብት ያለው ሥራ ስለሆነ በዚያው ክልከላ ሥር ወደቀ። ሕጉ እንዲላላ ሲጠየቅ ጆን ዲር ለቅጂ መብት መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ተቃውሞ፣ ገዢው ሶፍትዌሩን የሚያገኘው ማሽኑ አገልግሎት እስከሰጠ ድረስ የመጠቀም ፈቃድ ሆኖ እንጂ በባለቤትነት አይደለም ሲል ተከራከረ። ብዙ ገበሬዎችን ያስቆጣው ይህ አባባል ነው፤ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የራሳቸው ባልሆነ ነገር ላይ እንደተቀመጡ ተሰማቸው። በ2015 ለትራክተር ጥገና ሲባል ቁልፉን መስበር ለባለቤቱ ተፈቀደ፤ በ2018 ፈቃዱ ባለቤቱ ለሚያሠራው መካኒክም ተዘረጋ። ቁልፉን ለመስበር የሚያገለግል መሣሪያ ሠርቶ መሸጥ ግን እንደተከለከለ ቀረ። በር የመክፈት መብት ተሰጥቶ ቁልፍ መቅረጽ ከተከለከለ ፈቃዱ ለአብዛኛው ገበሬ ወረቀት ላይ ያለ ፈቃድ ብቻ ነው።

ሕጉ የዘጋውን ሰው በጎን ይሞክረዋል። በ2017 አሜሪካውያን ገበሬዎች ቁልፉ የተሰበረ የጆን ዲር ሶፍትዌር ከዩክሬንና ከሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች በኢንተርኔት እየገዙ መሆናቸው ተዘገበ። በነሐሴ 2022 ደግሞ ሲክ ኮድስ በሚል ስም የሚታወቅ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ ላስ ቬጋስ በተደረገው የዴፍ ኮን ጉባኤ ላይ የጆን ዲርን ስክሪን ሰብሮ ገብቶ ዱም የተባለውን የቆየ ጌም ሲያጫውትበት አሳየ። በዚያው ዓመት ቁልፉ ሌላ ጥቅም እንዳለውም ታየ፦ የሩሲያ ወታደሮች ከሜሊቶፖል ከተማ ወኪል ዘርፈው እስከ ቼችንያ የወሰዷቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የእርሻ ማሽኖች ከሩቅ ተቆልፈው አልነሣ አሉ። ዓለም በጭብጨባ ቢቀበለውም፣ ማሽኑን ከሌባ የሚዘጋው እጅ ከባለቤቱም ሊዘጋው እንደሚችል ልብ ያሉ ነበሩ። ሌሎች ገበሬዎች መፍትሔውን ወደ ኋላ ሄደው ፈለጉ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የተሠሩ፣ ኮምፒውተር የሌለባቸው ትራክተሮች በጨረታ ላይ የሚፈለጉ ሆኑ።

ቃል መግባቱም አልቀረም። በ2018 የአምራቾችና የወኪሎች ማኅበራት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለሚሸጡ ማሽኖች የመመርመሪያ መሣሪያዎችን ለገበሬዎች እናቀርባለን አሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ገበሬዎች የተባለውን ለማግኘት ተቸገሩ። በጥር 2023 የአሜሪካ እርሻ ቢሮ ፌዴሬሽን የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ከጆን ዲር ጋር በፖርቶ ሪኮ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ኩባንያው መሣሪያና መረጃ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ ተስማማ፤ ፌዴሬሽኑ በበኩሉ ከሰነዱ ያለፈ ግዴታ የሚጥሉ ሕጎችን ላለመደገፍ ቃል ገባ። ተቺዎች የተሰጠው ከተገኘው ይበልጣል አሉ፤ ስምምነቱን ያልፈጸመ ወገን የሚጠየቅበት ጠንካራ አንቀጽ አለመኖሩን ላየ ሰው ትችቱ ያሳምናል። ከሦስት ወር በኋላ የኮሎራዶ ግዛት የራሱን መንገድ ያዘ፦ አምራቾች መለዋወጫ፣ ሶፍትዌር፣ መሣሪያና መመሪያ ለባለቤቶችና ለነፃ መካኒኮች እንዲያቀርቡ የሚያስገድደውን በእርሻ መሣሪያ ላይ ያተኮረ የመጀመሪያ የግዛት ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ግዛቶች ጋር ሆኖ በጥር 15 ቀን 2025 ጆን ዲርን ከሰሰ፤ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና አሪዞና በኋላ ተጨመሩ። የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያው ሙሉውን የመመርመሪያ ፕሮግራም ለወኪሎች ብቻ በመስጠት የጥገናውን ገበያ በእጁ አድርጓል፣ ገበሬውም ከነፃ መካኒክ በርካሽ ያገኘው የነበረውን አገልግሎት በውድ እንዲገዛ አስገድዷል የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። በሰኔ 2025 ዳኛው ጉዳዩ ሳይሰማ እንዲዘጋ የቀረበውን የኩባንያውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። በቀጣዩ ወር ጆን ዲር ኦፕሬሽንስ ሴንተር ፕሮ ሰርቪስ የተባለ አዲስ ፕሮግራም ለገበሬዎች አወጣ። ሲወጣ ክፍያው ለአንድ ትራክተር በዓመት 195 ዶላር ነበር፤ ብልሽት ይመረምራል፣ የቀድሞው የገበሬ ፕሮግራም የማይችለውን አዲስ መቆጣጠሪያ የማስተዋወቅ ሥራም ይፈቅዳል። ለዚህ ሥራ ላፕቶፑን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ ለብቻው ይገዛል፤ ማሳው ላይም ፋይሉን የሚያወርድ ኢንተርኔት መኖር አለበት።