ታንኳው የታለ?

የጣና ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። የሚሠራበት ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ተቆርጦ ይደርቅና በእስር በእስሩ ተጠፍሮ ይታሰራል። የሚንሳፈፈው በያዘው አየር ነው። ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱም ሌላ ይሠራል። ደካማ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ያቋረጠባት «ራ 2» የተሠራችው ከኢትዮጵያ ደንገል ነበር።

እኛ ላሊበላ የምንኖር ሰዎች የለመድነው ድንጋይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ካለፉ ስንት መቶ ዓመት ሆነ፤ ሥራቸው እዚያው ቆሟል። ታንኳ ግን አባት ለልጁ ካላሳየው በአንድ ትውልድ ያልቃል። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር እየተመናመነ፣ እምቦጩም እየወረረው ባለበት ጊዜ ይህ ያሳስበኛል።

ባሕር ዳር የሚሠራው ልጄ፣ እኔ ዘንድ ለሚያድገው ልጁ «ታንኳ» የሚል ባለቀለም የእንጨት ቅርጽ ሕትመት ላከለት። አንድ ቢጫ ቅስት፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ጥቂት ጥቁር ጭረት፤ ሌላ ነገር የለበትም። ልጁ ሐይቅ አይቶ አያውቅም። ወረቀቱን አገላብጦ «እማማ፣ ታንኳው የታለ?» አለኝ። አባቱን ካየ ዓመት አልፎታል፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

እንዲህ ያለው ሥዕል ሲሠራ ሳንቃው ይቀረጻል፤ ሳይነካ የቀረው ክፍል ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ይታተማል። ብዙውን ጊዜ ለየቀለሙ የራሱ ሳንቃ አለው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን ሙያ ካስተማሩት አንዱ ጀርመን ተወላጁ ሃንሰን ባሂያ ነበሩ።

በአፍ ከማስረዳ ብዬ ድንች አመጣሁ። ለሁለት ቆርጬ ቅስቱን እኔው ቀረጽሁ፤ አርባ ዓመት ቁስል ሳሽግ የኖርሁ ሰው ለልጅ ስለት አልሰጥም። እርድ በትንሽ ውሃ በጠበጥን፣ አተምን፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። (አሮጌ ልብስ አልብሷቸው፤ እርድ አይለቅም።) በሌላው ግማሽ የቀይ ሥር ውሃ አስከተልን። ሰማያዊ ስላልነበረን ጣናችን ቀይ ሆነ።

ልጁ ከምድጃ ከሰል አንሥቶ ቅስቱ ላይ ወፍራም ነጥብ አደረገ።

«ይሄ ማነው?» አልሁት።

«አባዬ። እየቀዘፈ ነው።»

ቀጥሎ ሁለተኛ ድንች ጠየቀኝ፤ ለወጥ ያስቀመጥሁት አለቀ።