በእንጦጦ ዳገት ውሃ በስንት ይፈላል?

(ድምፅ፦ በከባድ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ፤ ቀስ እያለ ከትረካው ሥር ይጠፋል።)

ተራኪ፦ ከመገናኛ ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ያቀና አሮጌ ሃይስ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ ዳገት ላይ ፈልቶ ሲቆም ፍርዱ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ይሰጣል፦ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ይነሳ።» ፍርዱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን እንደ ማስረጃ የሚቀርቡት ምልክቶች፣ የውሃው መጉደል፣ በራዲያተሩ አፍ የሚታየው አረፋ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት፣ በዚህ ከፍታ ላይ ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ በየካና በእንጦጦ አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ቴስታታ ከመፍታቱ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ ይኖርበታል፦ የማቀዝቀዣው መስመር ግፊት ይይዛል ወይስ አይይዝም? ምርመራው መጀመር ያለበትም ከሁሉም ርካሽ ከሆነው ዕቃ፣ ከራዲያተሩ ክዳን ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል የሚለው የትምህርት ቤት ቁጥር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እዚያ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የእንጦጦ ሸንተረር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 90 ይወርዳል። ሞተሩ ግን የተሠራው ለዚህ ከፍታ ተብሎ አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። እንግዲህ ጤነኛ ሞተር በደህና ቀኑ የሚሠራበት ሙቀት፣ እዚህ ክፍት ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ጋር የተጠጋጋ ወይም ከዚያ የበለጠ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ክዳኑ ብቻ ነው። 0.9 የሚል ቁጥር የታተመበት ክዳን፣ ውስጡ ከውጭው አየር በላይ በካሬ ሴንቲሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ግፊት እስኪደርስ ድረስ አይከፈትም፤ በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ እንጦጦ ላይ እንኳ እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ያ ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ ትርፍ ይጠፋል። ያው የደከመ ክዳን ጅቡቲ ወደብ ባለ መኪና ላይ ቢሆን፣ አየሩ ቢያቃጥልም፣ ውሃው 100 ሳይደርስ አይፈላም ነበር።

ውሃ ያለ ፍሳሽ የሚጎድልበት ምሥጢርም ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው። የፈላው ውሃ በደከመው ክዳን ሾልኮ ወደ ፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከሞላም መንገድ ላይ ይፈሳል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ መሐል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃውን መልሳ መሳብ ነበረባት። እሷም ከተበላሸች ራዲያተሩ ጎድሎ ያድራል። ጠዋት ሲታይ ከመኪናው ሥር ጠብታ የለም፤ ባለቤቱም «ሞተሩ ውሃ ይጠጣል» ብሎ ይደመድማል።

አሁን በየጋራዡ ወደተለመደው ፈተና እንምጣ። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳል፤ ውሃው ሲያረፋ «ኮምፕሬሽን ወደ ውሃ እየገባ ነው» ይባላል። ፈተናው በራሱ ስህተት የለበትም፤ ስህተቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ከሠራ በቃጠሎው ክፍል ዙሪያ ያለው ውሃ 92 ዲግሪን ያልፋል፤ በጤነኛ ሞተርም ላይ ያረፋል። ውሃ ገና ተሞልቶ አየር ከታሰረበትም እንዲሁ። ስለዚህ አረፋው የሚታመነው ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ፣ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከታየ ነው። ያን ጊዜ ውሃው ገና ለብ አላለምና ለአረፋው የመፍላት ሰበብ የለውም። ሌላው ጠንካራ ማስረጃ ሰማያዊው የመመርመሪያ ፈሳሽ ነው፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በውስጡ ሲያሳልፉት የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ነጩ ጭስም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት፣ ኮተቤም ሆነ ላምበረት፣ ጤነኛ መኪና ሁሉ ነጭ እንፋሎት ያወጣል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚገኘው ወተት የመሰለ ቅባትም አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ፣ በደንብ ሳይሞቅ በሚጠፋ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት፣ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሊነሳ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፦ «እንጦጦ ብርድ ነው፤ ብርድ አገር መኪና ለምን ይፈላል?» ቀዝቃዛ አየር ራዲያተሩን በእርግጥ ይረዳዋል። ነገር ግን መፍላትን የሚወስነው ግፊት ነው። አየሩም ስስ ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ ክብደቱ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቬንትሌተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መኪናው ተጭኖ በከባድ ማርሽ ሲያዘግም ከፊት የሚገባው ነፋስ እምብዛም ስለሆነ፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ ቬንትሌተር ሜዳ ላይ የደበቀውን ጉድ ዳገት ላይ ያወጣዋል።

ሁለተኛው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር ነው። አንዳንዴ የሠራ ይመስላል፤ ተጣብቆ የቀረ ቴርሞስታት ከወጣ ውሃው መዞሩ አይቀርምና። ግን መፍትሔው አዲስ መግጠም ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን ቀዳዳ አብሮ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ የሞቀው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል። ሦስተኛው «ከኩላንት ውሃ ይሻላል» የሚለው ሲሆን ግማሹ እውነት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ከኩላንት ድብልቅ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። ብረት ብሎክና አሉሚኒየም ቴስታታ ባለው ሞተር ውስጥ ግን ዝገት መከላከያ የሌለው ውሃ ከዓመት ዓመት የሚሠራው ሥራ ራዲያተሩ ሲከፈት ይታያል። እኩል በእኩል የተደባለቀ ኩላንት መፍያውንም ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ክርክር ዛሬ ክብደት ያገኘው አሮጌ መኪና በቀላሉ የማይተካ ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

መሣሪያ የለንም የሚል ጋራዥ ይኖራል። የእጅ ፓምፕ ያለው የቀዘቀዘውን ራዲያተር ክዳኑ ላይ እስከታተመው ቁጥር ይንፋና ይጠብቅ። መርፌው ከወረደ ፍሳሽ ይፈለግ፤ በውሃ ፓምፑ ሥር ባለችው ቀዳዳ፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ ጋቢና ውስጥ እግር ሥር በሚረጥበው ምንጣፍ። ፓምፕ የሌለው ደግሞ ደህና እንደሆነ ከታወቀ መኪና ያንኑ ቁጥር ክዳን ተውሶ ዳገቱን ይሞክር። ቁጥሩ ያንኑ ይሁን፤ ለ0.9 የተሠራ አሮጌ ራዲያተር ላይ 1.1 መግጠም የደከመውን ብየዳ መፈተን ነው። ሞተሩ እንደጋለ ክዳን መክፈት ግን ለማንም አይፈቀድም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ያቃጥላል። የሙቀት መለኪያው መውረዱም አያታልል፤ ውሃው ካለቀ ሙቀት አንባቢው በባዶ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል።

ክዳኑ ደህና ሆኖ፣ ከውጭ ፍሳሽ ጠፍቶ፣ ቀዝቃዛው ሞተር በተነሳ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ከጠጠረና ሰማያዊው ፈሳሽ ቢጫ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ይነሳ። ፊቱ በቀጥተኛ ማስመሪያ ይለካ፤ ከተጣመመም ቶርኖ ቤት ይሂድ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ሲታሰርም ክዳኑ አብሮ ይቀየር።